መጽሐፉስ አለ፤ ማን ያግኘው?

የፈተና ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ በር ላይ ሰልፍ አለ። በሩ ሲከፈት ደግሞ ሩጫ ነው። ሩጫው ግን ወደ መደርደሪያው ሳይሆን ወደ ወንበሩ ነው። ደብተር ወይም ጃኬት ጠረጴዛው ላይ ጣል ይደረግና ቦታ ይያዛል፤ ከዚያ ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣው ሃንድአውት ይዘረጋል። መጻሕፍቱ ዙሪያውን ተደርድረው ተማሪውን ያዩታል፤ ተማሪው ግን ቀና ብሎም አያያቸው። በአገራችን «ላይብረሪ ልሄድ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ «ጸጥ ያለ ቦታ ላጠና ነው» ማለት እንጂ «መጽሐፍ ልፈልግ ነው» ማለት አይደለም።

ይህን ያነሳነው ተማሪውን ለመውቀስ አይደለም። መምህሩ የሚፈትነው ከሃንድአውቱ ከሆነ ተማሪው ሌላ ምን ያድርግ? ችግሩ የሚመጣው በመጨረሻው ዓመት፣ የመመረቂያ ጥናት ሲደርስ ነው። አማካሪው የባዮሎጂ ወይም የኬሚስትሪ ተማሪዋን «በዚህ ርዕስ ላይ እስከ ዛሬ ምን እንደተሠራ ፈልገሽ ነይ» ይላታል። ልጅቷ ቀመሩን ታውቃለች፣ ላብራቶሪውን ታውቃለች። ፍለጋ ከየት እንደሚጀመር ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። ዓመታት ሙሉ ዕውቀት ተቆርሶ ሲሰጣት ኖሮ፣ አሁን በአንድ ቀን «ራስሽ ፈልጊ» ተባለች።

እኛ ያጠናነው ጋዜጠኝነት ነው፤ ስለ ኬሚስትሪ አንከራከርም። ምንጭ ፍለጋ ግን ሙያችን ነውና አንድ ነገር እናውቃለን። ዕውቀት አለ ማለትና ዕውቀት ይገኛል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያሳጠሩ፣ አንዳንዴም ያስረዘሙ ሰዎች ደግሞ ታሪክ አላቸው። ያ ታሪክ ከሩቅ አገር ይጀምርና እዚሁ አራት ኪሎ ድረስ ይመጣል። እስቲ አብረን እንከተለው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎርፉ የጀመረበት ዓመት

በ1665 በሁለት ወር ልዩነት ሁለት መጽሔቶች ተወለዱ። በጥር ወር ፓሪስ ላይ «ዡርናል ደ ሳቫን»፣ በመጋቢት ደግሞ ለንደን ላይ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ»። የለንደኑን ያዘጋጅ የነበረው የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ተመራማሪ ያገኘውን ነገር ለሌላው የሚያሳውቀው በደብዳቤ ነበር፤ አለዚያም ዓመታት ፈጅቶ መጽሐፍ ይጽፋል። መጽሔት ሲመጣ አንድ ሙከራ ወይም አንድ ምልከታ ለብቻው በጥቂት ገጽ መውጣት ቻለ። ዛሬ «አርቲክል» እያልን የምንጠራው ነገር መነሻው ይኸው ነው።

እርምጃው ትልቅ ነበር፤ መዘዙም እንደዚያው። መጽሐፍ ስሙ ጀርባው ላይ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይታያል። አርቲክል ግን በመጽሔት ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚኖረው። የመጽሔቱን ቅጽ እየገለጠ ካላነበበ በስተቀር ማን እንዳለ ያውቃል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጽሔቶቹ በመቶ፣ ከዚያም በሺህ መቆጠር ሲጀምሩ ደግሞ ማንም ሰው በሙያው የሚታተመውን ሁሉ ማንበብ ቀርቶ መኖሩን እንኳ ማወቅ አቃተው። ያኔ አዲስ ሥራ ተፈጠረ፤ ሌሎች የጻፉትን መዝግቦ ለፈላጊው መንገድ የማሳየት ሥራ።

የ24 ዓመቱ ወጣት

የኮሌጅ ላይብረሪን መልክ የለወጠው ሰው ጢሙን ያስረዘመ ሽማግሌ ሊቅ አይደለም። ሜልቪል ዲዊ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በአምኸርስት ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በላይብረሪው ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያን ዘመን ብዙ ላይብረሪዎች ቁጥር የሚሰጡት ለመደርደሪያው ነበር። አንድ መጽሐፍ «ሦስተኛው ቁም ሣጥን፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ሰባተኛው» ተብሎ ይመዘገባል። አዳዲስ መጻሕፍት መጥተው ቦታ ሲጠብ እቃ ይነሳል፣ ምዝገባውም ከእንደገና ይሆናል።

ዲዊ ቁጥሩን ከመደርደሪያው ነጥቆ ለዕውቀቱ ሰጠው። በ1876 ስሙን ሳይጽፍ ባሳተማት 44 ገጽ መጽሐፍ የሰው ልጅ ዕውቀት በአስር ክፍል ተከፈለ። ሳይንስ 500 ሆነ። በውስጡ 510 ሒሳብ፣ 520 ሥነ ፈለክ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ 580 ዕፅዋት፣ 590 እንስሳት። መጽሐፉ የትም መደርደሪያ ይሂድ የት ቁጥሩ አይለወጥም፤ ወንድሞቹም ከጎኑ ናቸው። ላይብረሪ ውስጥ በመጽሐፍ ጀርባ ላይ 540 የሚል ወረቀት ተለጥፎ ካያችሁ የዚያን ወጣት እጅ አይታችኋል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪን አከፋፈል ይከተላሉ፤ እዚያ የሳይንስ ምልክቱ «ኪው» የተባለው የላቲን ፊደል ነው። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ፈላጊው የመደርደሪያውን ሥርዓት ካወቀ ስሙን የማያውቀውን መጽሐፍ እንኳ ያገኛል።

መቼም ካርታ የሚሥል ሰው የራሱን ሰፈር አጉልቶ ነው የሚሥለው። ዲዊ 200 ቁጥርን ለሃይማኖት ሲሰጥ አብዛኛውን ክፍል ለክርስትና አድርጎ የቀረውን የዓለም ሃይማኖት በሙሉ 290 ላይ አጨናነቀው። ቋንቋዎችን ሲከፍልም የአውሮፓዎቹ በየተራ ቦታ አግኝተው ሲያበቁ 490 ላይ «ሌሎች ቋንቋዎች» የሚል ክፍል ቀረ። የእኛ አማርኛ ያለው እዚያ «ሌሎች» ውስጥ ነው። ሰውዬው ተንኮል አስቦ ነው ለማለት አይደለም፤ ዓለምን የሚያየው ከአምኸርስት መስኮት ሆኖ ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ዕውቀትን የሚያደራጅ ሰው ማን መሐል እንደሚቀመጥ፣ ማን ዳር እንደሚቆም አብሮ ይወስናል። ይህን ሐሳብ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንዶድ የት ይቀመጥ?

የመደርደሪያው ሌላ ጉድለት በአገራችን ታሪክ ጥሩ አድርጎ ይታያል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል ከዕድሜው ከፊሉን የሚያሳልፈው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሌለ የትሉ ዑደት ይቋረጣል። ዶክተር አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። ነገሩን ይዘው መረመሩት፤ ልብስ የሚያነጣው የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። የመጀመሪያ ዘገባቸውን በ1965 ያሳተሙት ከ1962 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ይወጣ በነበረው «ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል» ነው።

እስቲ ይህን ግኝት መጽሐፍ እናድርገውና በዲዊ መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠው። እንዶድ ተክል ነው፤ 580ዎቹ ውስጥ ይግባ። ቀንድ አውጣ 594 ነው። ቢልሃርዚያ በሽታ ስለሆነ 610ዎቹ ይገባዋል። ልብስ ማጠብ የቤት ጉዳይ ነው፤ እሱ 640ዎቹ ውስጥ ነው። አንድ መጽሐፍ ግን አራት ቦታ መቆም አይችልም። አንዱ ጋ ሲቆም ከሦስቱ ይጠፋል። የዶክተር አክሊሉ ግኝት ዋጋው ደግሞ አራቱን በማገናኘቱ ነው።

ላይብረሪያኖች ለዚህ መላ የዘየዱት በካርድ ነው። አንዱ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አንድ ቦታ ይቁም፤ በካርድ ሣጥኑ ውስጥ ግን በደራሲው ስም፣ በርዕሱና በሚመለከታቸው ጉዳዮች ሁሉ ካርድ ይሠራለት። ያቺን ትንሽዬ መሳቢያ እየሳቡ ካርድ ያገላበጡ ታላላቆቻችን ሲያወሩን ጥንታዊ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን ኦሲኤልሲ የተባለው የአሜሪካ የላይብረሪዎች ድርጅት የመጨረሻውን ካርድ ያተመው በ2015 ነው። ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ለሌሎች ያነበቡ ሰዎች

ካርዱ ለመጽሐፍ ሠራ። በመጽሔት ሆድ ውስጥ ላለው አርቲክልስ? እሱን የያዙት የማውጫና የአጭር መግለጫ መጽሔቶች ናቸው። ስለ እንስሳት የሚጻፈውን «ዙኦሎጂካል ሪከርድ» ከ1865 ጀምሮ መዘገበ። የሕክምናውን በ1879 የአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበረው ጆን ሾው ቢሊንግስ «ኢንዴክስ ሜዲከስ» ብሎ ጀመረ። የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር በ1907 «ኬሚካል አብስትራክትስ»ን አወጣ። በ1926 «ባዮሎጂካል አብስትራክትስ» ተከተለ።

ሥራው እንዴት ነበር መሰላችሁ? አንድ ኬሚስት በጀርመንኛ ወይም በሩሲያኛ የወጣ ጽሑፍ ያነብና ፍሬ ነገሩን በጥቂት መስመር ይጽፋል። «ኬሚካል አብስትራክትስ» ለብዙ ዓመታት የቆመው እንዲህ ባሉ በጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነው። ፈላጊው ተማሪ ደግሞ የዓመቱን ማውጫ ያወርዳል፣ የንጥረ ነገሩን ስም ይፈልጋል፣ ቁጥር ያገኛል፣ በቁጥሩ መግለጫውን ያነባል፣ የመጽሔቱን ስምና ገጽ ይጽፋል። ከዚያ ላይብረሪው መጽሔቱን ይገዛ እንደሆነ ያጣራል። ካልገዛ ለጸሐፊው «እባክዎ አንድ ቅጂ ይላኩልኝ» የሚል ፖስትካርድ ይልክና ይጠብቃል። አድካሚ ነበር። ነገር ግን ያ ተማሪ ሲመረቅ የሙያውን ሰፈር ከነጓዳው ያውቀዋል።

አራት ኪሎ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን በ1950 ነው። ላይብረሪውን እንዲያደራጁ የመጡት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። ሰውዬው የውጭ መጻሕፍትን መደርደር ብቻ አልበቃቸውም፤ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውንና በአገር ውስጥ የታተመውን እየለቀሙ ለብቻው ማስቀመጥ ያዙ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም ያ ስብስብ የተቋሙ ላይብረሪ መሠረት ሆነ። ዛሬ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጦ የድሮ ጋዜጣ የሚያገላብጥ ሁሉ ለዚያ ለቀማ ባለዕዳ ነው። አንድ ላይብረሪያን «ይህም ይቀመጥ» ስላለ ብቻ የተረፈ ስንት ወረቀት አለ!

ሆይናትስኪ ያደረጉት ነገር በታሪክና በባህል ዘርፍ ፍሬ አፈራ። «የኢትዮጵያ» ተብሎ ራሱን የቻለ ክፍል፣ ራሱን የቻለ ካርድ ተገኘ። የሳይንሱ ፋኩልቲ አራት ኪሎ ቀረ፤ ለእሱ ግን መንገድ የሚያሳየው ማውጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። ይህም በራሱ ነውር አይደለም። ሳይንስ ድንበር የለውም፤ ኬሚስትሪ «የኢትዮጵያ ኬሚስትሪ» ተብሎ አይከፈልም። ጥያቄው እዚህ የተሠራው ሳይንስ በዚያ ማውጫ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ነው። የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ፋኩልቲ በ1978 «ሲኔት» የተባለውን የራሱን የሳይንስ መጽሔት ሲጀምር የራሱን ድምፅ አገኘ። ድምፅ ማግኘትና መሰማት ግን እንደገና ሁለት ነገር ናቸው።

ክቡ እንዴት ተዘጋ?

በ1955 ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ብልህ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን የወሰደው ከጠበቆች ነው። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ውሳኔ በኋላ በየትኞቹ ውሳኔዎች እንደተጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ ከ1873 ጀምሮ ነበራቸው። ጋርፊልድ ለሳይንስም ይህን እናድርግ አለ። አንድ ጥሩ አርቲክል ካገኘህ፣ ከእሱ በኋላ እሱን የጠቀሱትን ሁሉ ተከተል፤ ርዕሱ ባይመሳሰል እንኳ ጉዳዩ ይመሳሰላል። በ1964 «ሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስ» ታተመ። ዛሬ ጎግል ስኮላር ላይ «ይህን የጠቀሱ» የሚለውን ስትነኩ የምትሄዱበት መንገድ የጋርፊልድ ነው።

ነገር ግን ያ የመጀመሪያው ማውጫ የያዘው 613 መጽሔቶችን ነበር። ጋርፊልድ ሁሉንም መያዝ እንደማይቻልም፣ እንደማያስፈልግም ያምን ነበር። ለዚህ ድጋፍ የሚሆነው እንግሊዛዊው ላይብረሪያን ሳሙኤል ብራድፎርድ በ1934 ያሳየው ነገር ነው። በአንድ ርዕስ ላይ ከሚጻፈው ትልቁ ድርሻ በጥቂት መጽሔቶች ውስጥ ይገኛል፤ የቀረው በብዙ መጽሔቶች ውስጥ ተበታትኗል። ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ ላይብረሪ ይህ ምክር ወርቅ ነው፤ ጥቂቶቹን ግዛ፣ ብዙውን ታገኛለህ። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ መጽሔቶቹ በምን ያህል እንደሚጠቀሱ እየተሰላ በየዓመቱ ደረጃ ይወጣላቸው ጀመር። «ኢምፓክት ፋክተር» የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ቅድም «ያዙልን» ያልናችሁን ሐሳብ አምጡት። ማውጫው ውስጥ የሌለ መጽሔት አይፈለግም። ያልተፈለገ አይነበብም። ያልተነበበ አይጠቀስም። ያልተጠቀሰ ማውጫው ውስጥ አይገባም። ክቡ ተዘጋ! መንገድ ለማሳየት የተሠራው መዝገብ ሳያስበው ሚዛን ሆነ፤ ከዚያም በር ጠባቂ። አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ የታተመ ጥናት መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ስለሆነ ብቻ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የእኛዎቹም መምህራን ዕድገት ለማግኘት ስለ አገራቸው በሽታ የጻፉትን ባሕር ማዶ ልከው ማሳተም ይመርጣሉ፤ አሳትመው ሲያበቁ ደግሞ የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ መጽሔቱን መግዛት ላይችል ይችላል።

የእንዶድ ነገርም ቀላል ጉዞ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአፍሪካ የተሠራ ምርምር በአውሮፓና በአሜሪካ ተቋማት ዘንድ ለመታመን የሚገጥመውን ፈተና በግልጽ ተናግረዋል። እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። አድዋ ላይ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ከታዩ 25 ዓመት ሆኖታል። በዚያ ላይ ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች እንዶድን ከነጠባዩ የሚያውቁት ከማንም መጽሔት አስቀድመው ነው። የእነሱ ዕውቀት ነበረ፤ ለሳይንስ ግን «አልተገኘም» ነበር። አንድ የሚያስተውል ሰው ወንዝ ዳር እስኪቆም ድረስ።

ዶላርና ፓስወርድ

የመጽሔት ዋጋ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እየናረ ሄደ። የሀብታም አገር ላይብረሪዎች እንኳ እያማረሩ መጽሔት መሰረዝ ጀመሩ። በ1980ዎቹ የውጭ ምንዛሪ ያጠራቸው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ላይብረሪዎች ደግሞ የብዙ መጽሔቶች ደንበኝነታቸው ተቋረጠ። መደርደሪያው ላይ ቅጾቹ በተርታ መጥተው መጥተው አንድ ዓመት ላይ ቀጥ ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በእርዳታ ነው። የተለገሰ መጽሐፍ ይከበራል፤ ነገር ግን የሚመርጠው ሰጪው ነው፣ እትሙም ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ በሩ የሚሰበር መስሎ ነበር። በ1991 ፊዚክስ አጥኚዎች ጽሑፋቸውን በነፃ የሚያስቀምጡበት «አርካይቭ» ተከፈተ። በ1997 የአሜሪካ የሕክምና ላይብረሪ «ፐብሜድ»ን ለዓለም ሕዝብ በነፃ ለቀቀ። ወረቀቱ «ኢንዴክስ ሜዲከስ» በ2004፣ የወረቀት «ኬሚካል አብስትራክትስ» ደግሞ በ2010 መጀመሪያ ታሪካቸው አበቃ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ፍለጋ የደቂቃ ሆነ። ማውጫው ተከፈተ፤ ጽሑፉ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ቆየ። መኖሩን ታያለህ፣ ርዕሱን ታነባለህ፣ ልትከፍተው ስትል «በዶላር ክፈል» ይልሃል። ድሮ ያለማወቅ ነበር የሚያሳዝነው፤ አሁን አውቆ አለማግኘት መጣ።

ከ2002 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ «ሂናሪ»ን ዘረጋ። ድሃ አገር ያሉ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያነቡ የሚያስችል ፕሮግራም ነው። በ2003 ለእርሻው ዘርፍ «አጎራ» ተከተለ። ዛሬ እነዚህና ሌሎቹ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚል ስም ተሰባስበዋል፤ ኢትዮጵያም በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች መካከል ናት። ግን ፓስወርዱ የሚሰጠው ለተቋሙ ነው፤ የሚያውቀው ላይብረሪያኑ ነው። ተማሪዋ ካልጠየቀች፣ ላይብረሪያኑ ካልነገራት፣ ለአገሯ የተሰጠው ዕድል በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። አንዳንዱ ተማሪ በ2011 ካዛኪስታናዊቷ አሌክሳንድራ ኤልባክያን በከፈተችው «ሳይ ሃብ» በጓሮ ሲገባ፣ በሕጋዊው በር በነፃ መግባት ይችል እንደነበር ሳያውቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2017 በሳይ ሃብ ላይ የ15 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈርዷል፤ ክርክሩ ግን ዛሬም አልበረደም።

ሌላም አለ። ሁሉንም በኢንተርኔት ላይ ያኖረ ላይብረሪ ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ባዶ ክፍል ነው። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በአገራችን ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ይህን በደንብ አይተነዋል። ወረቀቱን ገና አንጣለው።

ዝርዝሩን ማን ይጻፍ?

በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የነበረው መሥሪያ ቤት አንድ ብሔራዊ ፖሊሲ አጸደቀ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሁሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ብሔራዊ የዲጂታል ማከማቻ ይቀመጥ ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን በድረ ገጽ የሚያኖርበት ማከማቻ አለው፤ የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚያሰባስበው «አጆል» ከ1998 ጀምሮ እየሠራ ነው። ክቡን የሚሰብር መዶሻ በእጃችን አለ ማለት ነው። መዶሻ ግን ብቻውን አይመታም።

ስለዚህ ጥናት ለጀመሩ እህትና ወንድሞቻችን ከዚህ ታሪክ ቃርመን የምንለው አለ። መጀመሪያ ርዕሳችሁ ስንት መደርደሪያ እንደሚነካ ጠይቁ፤ እንደ እንዶዱ አራት ቦታ ሊኖር ይችላል። አንድ ጥሩ አርቲክል ስታገኙ ወደ ኋላ የጠቀሳቸውን፣ ወደ ፊትም የጠቀሱትን ተከተሉ። ጎግል ላይ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አትቁሙ፤ ፐብሜድንም አጆልንም አንኳኩ። ከእናንተ በፊት በዚያው ዲፓርትመንት የተመረቁት የጻፉትን ጥናት አስወጡና አንብቡ፤ ስለ መንደራችሁ ወንዝ የጻፈ ሰው ካለ እዚያ ነው ያለው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወደ ላይብረሪያኑ ሂዱና «የሂናሪና የአጎራ መግቢያ አለን ወይ?» በሉ። ላይብረሪያን የወንበር ጠባቂ አይደለም፤ ሙያው የዲዊና የሆይናትስኪ ሙያ ነው። እሱም ጠያቂ ሲያጣ ነው ወንበር ወደ መጠበቅ የወረደው።

ፍለጋ ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ መገኘት ነው። የመመረቂያ ጥናታችሁን ስታስገቡ ለመፈለጊያ የሚሆኑ ቃላት ጻፉ ትባላላችሁ። ብዙው ሰው እዚያች መስመር ላይ የላቲኑን ስም ጽፎ ይዘጋል። ከጎኑ «እንዶድ» ብላችሁ ጻፉ። በትግርኛም፣ በኦሮምኛም የሚጠራበትን ስም ጨምሩ። በግማሽ ገጽ ደግሞ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ አስቀምጡ። ይህን ማንም አይከለክላችሁም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ነገ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በስልኩ «እንዶድ» ብሎ ሲጽፍ የእናንተ ሥራ ብቅ ይልለታል። «ሌሎች» በሚለው ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን የኖርነው መዝገቡን ሌላው ስለጻፈልን ነው። አሁን ጽሑፉ የእኛ ነው፤ መዝገቡንም እኛው እንሙላው።